የሽርጡ ቁራጭ

ፒካፑ የጉልበት መለኪያው ሮለር ላይ ታስሮ እያገሳ ጥቁር ጭሱን ቢተፋም፣ ሰሌዳው ላይ የወጣው የፈረስ ጉልበት ገና ምንም ሳይነካ ከነበረው ያነሰ ነበር። የታይላንዷ የኡቦን ከተማ መካኒክ ሁሉ ተሰብስቦ ያይ ነበርና ሳቁ ግቢውን ሞላው። «ይሄማ የሩዝ ማሳም አያርስ!» አለ አንዱ። ዊቻን ፊቱ ጋለ። አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋውን ትልቁን ተርቦ፣ የዚያን አየር ማቀዝቀዣና ሰፊውን ጭስ ማውጫ የገጠመው እሱ ነው፤ ነዳጁን በኮምፒውተር የመጠነው ደግሞ ሙያ ያስተማረው ሽማግሌው ጋሼ ቡንሎም ነው።

«እኔ አየሩን አምጥቻለሁ! ሽማግሌው ነው በነዳጅ ያሰመጠው!» አለ ዊቻን ሰው ሁሉ እየሰማው።

ሽማግሌው ሞተሩን አስጠፍቶ ወደ አየር ማስገቢያው ቱቦ አጎነበሰ፤ ማሰሪያውን ፈትቶ ሁለት ጣቱን ሰደደ። የወጣው ባለዳማ ጨርቅ ነበር። ዊቻን ትናንት አቧራ እንዳይገባ ብሎ ከወገብ ሽርጡ ቀዶ የወተፈው፣ ረስቶት ያደረ ጨርቅ። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ሽማግሌው ጨርቁን በመዳፉ ጨብጦ ኪሱ ከተተና ቀና አለ።

«ልጄ እውነቱን ነው። ነዳጁን አብዝቼዋለሁ።» ኮምፒውተሩን ለይስሙላ ነካ ነካ አደረገ። «በል አስነሳው።»

ዊቻን ሞተሩን አስነሳው። አየርና ነዳጁ ተስማሙ፣ ቁጥሩም ከእጥፍ በላይ ሆነ። «ጋሼ፣ እንግዲህ ጡረታ ይውጡ!» እያሉ ሽማግሌው ላይ አሾፉ። ዊቻንን ግን በትከሻቸው ተሸከሙት፤ እሱም እዚያ ላይ ሆኖ የተቀደደውን የሽርጡን ጫፍ በሁለት እጁ ይሸፍን ነበር።