አሥራ አንዱ ቀን

ሕሊና ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛ ከምግብ ቤቱ ወደ ጓሮ ሮጠች። ኔትወርክ የያዘላት ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው አጥር ስትደርስ ነው። አባቷ መሪጌታ ልዑልቃል ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ተከተሏት። ወደ ደባርቅ የሚወስዳቸው ሚኒባስ ለምሳ ኮሶዬ ላይ የቆመው ልክ ሕሊና በስልኳ የምትከታተለው የተመራማሪዎቹ ስብሰባ ሲጀመር ነበር።

«ምነው ልጄ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«ዛሬ ነው የሚያረጋግጡት፣ አባ።»

«ያን የተሟገትሽበትን?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ሕሊና ጎንደር ላይ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ ለዶክትሬቷ ደግሞ የኒውትሮንን ሽክርክሪት ከሚለኩ የባሕር ማዶ ተመራማሪዎች ጋር ትሠራለች። ሽክርክሪቱ በውስጡ ካሉት ቅንጣቶች ከየትኛው ምን ያህል እንደሚመጣ እስካሁን አጥርቶ የሚያውቅ የለም። ያን ለማወቅ ኒውትሮኖቹን በማግኔት አንድ አቅጣጫ አስይዘው ኤሌክትሮን ይተኩሱባቸዋል። ከስምንት ወር በፊት የአሥራ አንድ ቀን ውጤት ከሌላው ሁሉ ተገልብጦ አገኘችው። «የማግኔቱ አቅጣጫ በስህተት ተመዝግቧል» ብላ ጻፈችላቸው። አንጋፋዎቹ ስሌትሽን መርምሪ አሏት። አርባ ጊዜ መረመረች። በመጨረሻ የአሥራ አንዱ ቀን ልፋት ይጣል ተባለ፤ እሷ ግን አይጣልም ብላ ድርቅ አለች።

«እኔ እኮ ማን እንዳሾረው ነው ያልገባኝ» አሉ መሪጌታ።

«ማንም አላሾረውም፣ አባ። ሲፈጠር አብሮት የመጣ ነው።»

«እንዲያ ከሆነስ ገባኝ።»

በስልኩ መስኮት ላይ አንድ ቴክኒሻን ብቅ አለ። ማግኔቱን ልክ በእነዚያ አሥራ አንድ ቀናት እንደነበረው አድርገው መልሰው ገጥመውታል። ሰውየው አነስተኛ ኮምፓስ በመዳፉ ይዞ ቀረበ።

«የመርፌው ቀይ ጫፍ ወደ ቤተ ሙከራው በር ከዞረ የተሳሳትሁት እኔ ነኝ» አለች ሕሊና። «ወደ ግድግዳው ከዞረ እነሱ ናቸው።»

የምግብ ቤቱ ባለቤት የትነበርሽ ጭልፋዋን እንደያዘች መጥታ በሕሊና ትከሻ በኩል አንገቷን አሰገገች። ተሳፋሪዎቹም ምን ተገኘ ብለው ከበቧቸው።

መርፌው ተወዛወዘ። ወደ በሩ አዘነበለ።

«ወዲያ በል! ወደ ግድግዳው!» ስትል የትነበርሽ መርፌውን ተቆጣችው።

ሰውየው ማግኔቱ አጠገብ ሲደርስ መርፌው ዞሮ ወደ ግድግዳው ቀጥ አለ። ሌላ ቦታም ያዘው፤ ያው ግድግዳ። ከዚያ የቡድኑ መሪ፣ ሽበታሟ ፕሮፌሰር፣ በእንግሊዝኛ «ሕሊና፣ ይቅርታ አድርጊልን። የአሥራ አንዱን ቀን ምልክት አንቺው በእጅሽ ቀይሪው» አለቻት።

ከሕሊና በቀር ቋንቋውን ማንም አልሰማም፤ መርፌውን ግን ሁሉም አይቷል። የትነበርሽ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ገደሉ መልሶ አስተጋባው። አንዲት የማታውቃት ሴት ሕሊናን አቅፋ ግራ ቀኝ ሳመቻት። ሕሊና እየሳቀች አለቀሰች።

አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ላፕቶፗን ከፈተች። አንዲት የመቀነስ ምልክት አጠፋች። በግራፉ ላይ ከመስመሩ በታች ተበትነው የነበሩት አሥራ አንድ ነጥቦች ዘለው ከሌሎቹ ጎን ገቡ።

መሪጌታ መነጽራቸውን አውጥተው አጎነበሱ።

«እነዚህ ናቸው?»

«እነዚህ ናቸው፣ አባ።»

«ሸጋ ነው። እስኪ መልሺና ድገሚው፤ ሲገቡ በደንብ አላየኋቸውም።»

ምልክቷን መለሰቻት፤ ነጥቦቹ ወደቁ። አጠፋቻት፤ ተነሡ። መሪጌታ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ።

«አንድ ጊዜ ደግሞ።»

ሹፌሩ ክላክሱን አስጮኸ። ሁለቱም ቀና አላሉም።