የረጋው ደም

“አደራ ቁስሉን እንዳትነኪው!” አለ ድሬሰሩ ባዶውን መርፌ እያነሳ። “ይኸ መድኃኒት አዲስ ደም አይሰጠውም፤ የረጋው እንዳይሟሟ ብቻ ነው የሚይዝለት። ካሁን በኋላ ሌላ የለኝም።” መይሙና አንገቷን ነቀነቀች። ረሃቡን ሸሽተው ከዋጃ ወደ ቆቦ ሲመጡ መንገድ ላይ ጅብ የነከሰው የአባቷ እግር ዛሬ በእርዳታ ጣቢያው ድንኳን ውስጥ ከጉልበቱ በታች ተቆርጧል። በፋሻው ላይ ደሙ ጠቁሮ ረግቷል፤ እሷም ዓይኗን ከዚያ አልነቀለችም።

የመግሪብ፣ የምሽቱ ሶላት፣ አዛን ተሰማ። “ደሙን እጠቢልኝ” አለ አባቷ።

“አባዬ፣ በሕይወት ያቆየህ እኮ ይኸው የረጋው ደም ነው!”

“የጅብ ትራፊ መሆኔ አይበቃ፣ ደግሞ በነጃሳ፣ በደም እንደረከስኩ፣ አላህ ፊት ልቁም?”

“ውሃው ይቅር፤ በአፈር ተየሙም አድርግ። አላህ ችግርህን ያያል።”

“እንግዲያው ንጹሕ አፈር አምጪ” አለ።

ደስ ብሏት ወጣች። በድንኳኑ ዙሪያ በሽተኛ ያልተኛበት ስንዝር መሬት አልነበረምና ርቃ ሄዳ አፈር ዘግና በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ተመለሰች። አባቷ ግን ፋሻውን ፈትቶ፣ እንዲጠጣ የተሰጠውን ውሃ ቁስሉ ላይ አፍስሶ፣ ደሙን በመዳፉ አጥቦ ጨርሶ ነበር። እንደተጋደመ ፊቱን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ አዙሮ፣ “አላሁ አክበር” አለ። ከቃሬዛው ሥር ደም መንጠባጠብ ጀመረ። መይሙና አፈሩን ጥላ ጉማዱን በሁለት እጇ ጨመቀችው፤ ደሙ በጣቶቿ መሃል ሞቆ ወጣ።

“አባዬ፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ሶላቱን አሳጥረው!”

ፋቲሐን ጨርሶ፣ ረጅሙን የያሲን ምዕራፍ መቅራት ጀመረ።