የእትዬ ውባንቺ ትንንሽ ቃላት

«በሉ፣ እጅ?» ይላል ጠይብ።

«ማኖ።»

«የሕፃን እጅስ?»

«ማ… ማኒታ።» እትዬ ውባንቺ የኮረሪማውን ጆንያ አፍ እየጠቀለሉ ይስቃሉ። «መጨረሻው ላይ ትንሽ ጠብ ማድረግ ነዋ፤ ለደንበኛ እንደሚጨመር ምርቃት።»

«ጃንሆይ ይሙቱ፣ እንደ እርስዎ ቶሎ የሚይዝ አላየሁም።»

ጠይብ ከጅቡቲ በመርከብ ወጥቶ በእስፓንያ ወደቦች ሲዞር የኖረ ሰው ነው። አሁን በርበሬ በረንዳ ከጎናቸው ጨው ይሸጣል። «ኤሮ ሲጨመርበት ደግሞ ባለሙያው ይወጣል። ፓን ዳቦ፣ ፓናዴሮ ዳቦ ጋጋሪ።»

«ጋጋሪውን ተወው። እኔ የማወራው ከሕፃን ጋር ነው።»

ልጃቸው አሸብር ለትምህርት እስፓንያ ተልኮ እዚያው አግብቶ ቀረ። የወለዳት ልጅ አማርኛ አታውቅም። ዛሬ ይዟት ይመጣል። እትዬ ውባንቺ ስንት ክረምት ለግድግዳ ያወሩትን ሁሉ ለእሷ ሊያወሩላት ነው።

«ለመሆኑ ስንት ዓመቷ ነው?»

«ምን ነካህ፣ ልጅ ይቆጠራል እንዴ?»

ለአሸብርም ሲያስጽፉ እንዲሁ ነው። ደህና ናት ወይ ይላሉ እንጂ ምን አከለች ብለው አያውቁም፤ ዓይን እንዳይበላት። የክርስትናዋን ዕለት ፎቶግራፍ ትራሳቸው ሥር አኑረው፣ እሱን ሲያዩ ኖሩ።

ታክሲ ቆመ። እትዬ ውባንቺ ጠዋት በሎሚ ያሹትን እጃቸውን መልሰው አሸተቱት፤ በርበሬው ገላዋን እንዳያቃጥላት። ከዚያ በሩ ፊት ጎንበስ ብለው ሁለት ክንዳቸውን ወደ ታች ዘረጉ።

መጀመሪያ ረጅም እግር ወጣ። ቀጥሎ ትከሻ። ልጅቱ ቀና ስትል የአባቷ ጆሮ ጋ ደረሰች።

«እማዬ፣ ይቺውልሽ» አለ አሸብር።

የእትዬ ውባንቺ ክንዶች እዚያው ታች ቀሩ። ልጅቱ አንድ ረጅም ነገር ፈጠን ብላ ተናገረች፤ ከያዟቸው ቃላት አንዱም አልነበረበትም። ወደ ጠይብ ዞር አሉ። ጠይብ ጨው ይሰፍራል፤ የሚገዛው ግን የለም።

ልጅቱ እንደ ትልቅ ሰው ለሰላምታ እጇን ሰጠቻቸው። እጇ ከእሳቸው እጅ ይሰፋል። በአፋቸው ያዘጋጁትን ቃል ዋጡት።

ግንባሯን ሊስሙ በእግራቸው ጣት ቆሙ። ከንፈራቸው አገጯ ላይ ቀረ።