ከታመነ ምንጭ

ጠበቃው ኮምፒውተር መማር የጀመረው ፀጉሩ ከሸበተ በኋላ ነው። የሙያ ጓደኞቹ ቀለዱበት። እሱ ግን ጠረጴዛው ላይ ያቆመውን ስክሪን ለመጣው ሁሉ ማሳየት ይወድ ነበር።

ስክሪኑ ላይ መንገዶች፣ ወደቦችና ኬላዎች በቀለም ይታያሉ። አረንጓዴ ደኅና ነው፣ ቢጫ ተጠንቀቅ፣ ቀይ ደግሞ ዕቃህን ሰብስብ ማለት ነው። ፕሮግራሙ የየአገሩን ዜና ያነባል፣ የመንግሥታትን መግለጫ ያገላብጣል፤ በየከተማው ያሉ ጠበቆችም የሰሙትን ይጽፉበታል። ማን ምን እንደጻፈ አይናገርም፤ ቀለሙን ብቻ ያሳያል። ጠበቃው ለደንበኞቹ የሚላት አንዲት አባባል ነበረችው፦ ሳይቃጠል በቅጠል።

የዚያን ቀን ፊቱ የተቀመጠችው ደንበኛ የሕክምና ዕቃ አስመጪ ናት። ከወንዙ ማዶ ካለው አገር ለኩላሊት እጥበት የሚያገለግሉ ማጣሪያዎች እያስመጣች ለሆስፒታሉ ታቀርባለች። ታናሽ እህቷም እዚያው ሆስፒታል ኩላሊቷን ትታጠባለች። ሁለቱ መንግሥታት ደግሞ በቀረጥ ሰበብ ከተኳረፉ ሰንብተዋል። የወንዙ ድልድይ ከተዘጋ ማጣሪያው ይቀራል፤ ማጣሪያው ከቀረ እህቷ ትሞታለች። ጠበቃው ጋ ያመጣት ይኸው ጭንቀት ነው።

በዚያ ላይ የቀድሞ ባሏ አለ። እሱም ያንኑ ዕቃ ያስመጣል። ሲፋቱ ንግዱን ለሁለት ተካፈሉት፤ ጠቡ ግን እንዳለ ቀረ። ፊት ለፊት የወርቅ ጥርስ ስላለው ስሙን አትጠራም፤ «ወርቅ ጥርሱ» ነው የምትለው። አንድ ቀን መኪናሽ ከድልድዩ ማዶ ይቀራል ብሎ እንደዛተባትም ለጠበቃው ነገረችው።

ጠበቃው ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረ። ድልድዩ አረንጓዴ ነበር። ቀይ ሲሆን ምን እንደሚመስል ማየት ፈለገች። እሱም ጣቶቹን አፍታታና እስኪ አንድ ክፉ ነገር ንገሪኝ አላት።

«ድልድዩ ላይ መትረየስ ተጠምዷል ይበሉ» አለች። ትንሽ አሰበችና ፈገግ አለች። «አዛዡም የወርቅ ጥርስ አለው።»

እንዳለችው ጻፈ። ድልድዩ ቲማቲም መሰለ። ሁለቱም ከልባቸው ሳቁ፤ እሷማ እህቷ ከታመመች ወዲህ እንዲያ ስቃ አታውቅም። ከዚያ መስመሩን ሰረዘው፤ አረንጓዴው ተመለሰ። አዲስ ውል ሊያረቅላት ተስማምተው በር ድረስ ሸኛት።

አዲሱ ውል ተፈርሞ ብዙም ሳይቆይ ድልድዩ ቢጫ ሆነ። ጠበቃው ምክንያቱን ቢጠይቀው ፕሮግራሙ «ከታመነ ምንጭ» ብቻ አለው። ይህንኑ ፕሮግራም የሚከታተሉ የኢንሹራንስ ድርጅቶች ቢጫውን አይተው ድልድዩን ለሚሻገር መኪና ዋስትና አንሰጥም አሉ። ሾፌሮች ያለ ዋስትና አንነዳም አሉ። የማዶው መንግሥት መኪኖቹ በድንገት መቆማቸውን አይቶ፣ እነዚህ ሰዎች ምን አስበው ነው ብሎ ጦር አስጠጋ። የወዲያኛው ሲያስጠጋ የወዲህኛውም አስጠጋ። የፈሩት ይደርሳል ይሉ የለ፣ ድልድዩ ተዘጋ፤ ማጣሪያዎቹን የጫነው መኪና ማዶ ቀረ።

ጠበቃው እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ፕሮግራሙን ሌላ መንገድ ጠየቀው፤ በባሕር ወራት ይፈጃል፣ በአየር በረራው ተቋርጧል። ቢያንስ ለሆስፒታሉ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ ደርሷልና ደንበኛዬ አትቀጣም የሚል ደብዳቤ በቅጽበት አወጣ። ሆስፒታሉም ተቀበለ። ጠበቃው ይህን በኩራት ነገራት።

«ውሉ ዳነ» አለች። «እህቴስ፣ ጋሼ?»

ጠበቃው ወደ ስክሪኑ ዞሮ መንገዱን እንደገና ጠየቀ። ፕሮግራሙም ያንኑ ባሕርና አየር መለሰለት።

ሆስፒታሉ የቀረውን ማጣሪያ ማብቃቃት ጀመረ። የእህትየው እግር አበጠ፣ ቀጥሎ ፊቷ፤ ትንፋሿም አጠረ። አንድ ጧት ወርቅ ጥርሱ ከመጋዘኑ የተረፈውን የማጣሪያ ካርቶን ተሸክሞ መጣ።

«እኔ የተፋታሁት ካንቺ ነው» አላት፤ «ከእሷ አይደለም።»

ነጋዴዋ ግን ካርቶኑን ስታይ ደሟ ፈላ። ድልድዩ እንደሚዘጋ ባያውቅ ለምን አስቀመጠው? ለጠበቃው ብትነግረው እሱም ራሱን ነቀነቀ። ወሬውን በራሱ ጠበቃ በኩል የነዛው ዋጋ ለማናር ነው፤ ካርቶኑ ለይምሰል ነው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፣ ቆይ ይወጣል አላት።

ካርቶኑ አለቀ። እህትየው ቀትር ላይ፣ ስለ ትንሽነታቸው እያወራች ሳለ ድምፅዋ ቀነሰ፤ ከዚያ ተቋረጠ። ነጋዴዋ እጇን እንደያዘች አለቀሰች። 

ጠበቃውም አለቀሰ። ለነጋዴዋ ሊያደርግላት የሚችለው አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ወሬውን መጀመሪያ የዘራውን ፍርድ ቤት ማቆም። የፕሮግራሙ ባለቤት የሆነው ድርጅት ምንጮቼን አልገልጽም አለ። ጠበቃው ከሰሰ፣ ተሟገተ። በዕድሜው እንደዚያ ተከራክሮ አያውቅም ይላሉ ያዩት።

«ይህን የጻፈ ሰው ነፍስ አጥፍቷል» አለ ለዳኛው።

ዳኛው ፈረዱለት።

የድርጅቱ ሠራተኛ የደወለ ዕለት ነጋዴዋ ጥቁር ለብሳ ያችው ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ጠበቃው ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገላት። ወርቅ ጥርሱን ዛሬ እንይዘዋለን ብሎ እጇን ያዝ አደረጋት።

«የጠበቃ ቢሮዎቹ በቁጥር ስለተመዘገቡ የጻፈውን ስም ገና እያጣራን ነው» አለ ሠራተኛው፤ «ጸሐፊው ወዲያው ቢሰርዘውም ፕሮግራሙ ይዞት ነበር፤ መጀመሪያ የተጻፈው ይኸውና፤ ‹ድልድዩ ላይ መትረየስ ተጠምዷል። አዛዡም የወርቅ ጥርስ አለው።›»