ቁልቁለቱን የሚያውቁት ሰው

ይህን በመንገሬ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ጉዳዩ አንድ የተከበረ የመንግሥት ሠራተኛን ይነካል፤ የተከበረ ሠራተኛ ሲነካ ደግሞ ደስ አይለኝም። ግን ዝም ብል ሆዴን ሊነፋኝ ነው።

ሰውየው የመንጃ ፈቃድ ፈታኝ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ተዛውሮ ተራራው አናት ላይ ወዳለችው ከተማ ሲመጣ፣ ዳገቱን በአውቶቡስ፣ ፊቱን በፎጣ ሸፍኖ ነው የወጣው። ከዚያ ወዲህ ቁልቁለቱን ወርዶ አያውቅም። ፈተናውን የሚሰጠው ኳስ ሜዳው ላይ ነው። አራት በርሜል ያቆማል፤ በርሜል ያልነካ ያልፋል። ሜዳው ደልዳላ ስለሆነ የሚወድቅ ብዙም የለም። መንጃ ፈቃዱ ላይ በአረንጓዴ ቀለም ይፈርማል። ፊርማዋ ረዥም ጅራት አላት፤ በጅራቷ ይኮራል።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ የዘጠኝ ዓመት ልጁ ሆዷን ይዛ መሬት ላይ ተንከባለለች። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ትርፍ አንጀቷ ሊፈነዳ መሆኑን ነገረችው፤ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ሆስፒታል ካልደረሰች ተስፋ እንደሌላትም አልደበቀችውም። ሆስፒታሉ ያለው ከተራራው ሥር ነው። አምቡላንሷ አራት ጎማዋን አውልቃ ጋራዥ ውስጥ ተኝታለች። የመሥሪያ ቤቱ ፒክአፕ ደጅ ቆማለች፤ ሹፌሯ ግን ፈቃድ ላይ ነው። ይህ ሁሉ እንዳይበቃ ጭጋግ ወርዷል።

ፈታኙ ጋራዥ ሮጠ። ከአምቡላንሷ ሥር ሁለት የሜካኒክ እግሮች ወጥተው ስላገኘ፣ ቁልቁለቱን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ማን እንደሆነ እነሱን ጠየቀ።

«ባለገመዱ ናቸዋ» አሉት እግሮቹ። «ኩርባ በኩርባ ነው የሚያውቁት። የከተማው ጫፍ፣ መጨረሻው ቤት።»

ባለገመዱ መዳፋቸው እንደ ጫማ ሶል የደረቀ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን እንደሰሙ ጥቅል ገመዳቸውን ፒክአፑ ላይ ወረወሩና ፈታኙን አተኩረው አዩት።

«በአረንጓዴ የምትፈርመው አንተ ነህ?»

«አዎ፣ ጋሼ። እርስዎንም ፈትኜዎታለሁ እንዴ?»

«የለም። ፊርማህን ግን አውቃታለሁ። ውሃ እንኳ አያስለቅቃትም።»

በዚያ ጭንቅ መሀል እንኳ ፈታኙን ደስ አለው። የመኪናዋን ቁልፍ ዘረጋላቸው። አልተቀበሉትም።

«አንተ ንዳ። እኔ እነግርሃለሁ።»

ለአራት መቶ ሰው መንጃ ፈቃድ የሰጠ ሰው «ቁልቁለት እፈራለሁ» ብሎ አይናገርም። መሪውን ያዘ።

ሚስቱ ከኋላ የልጅቷን ራስ ጭኗ ላይ አስተኝታለች። ገና ከከተማው ሳይወጡ ከሽማግሌው ኮት የአልኮል ሽታ መጣባት፤ ከኪሳቸውም የጠርሙስ አንገት ብቅ ብሏል። ወደ ባሏ ጆሮ ተጠግታ ሰካራም ጭኖ መምጣቱን ነገረችው፤ መሪውን የሸሹት ለምን እንደሆነ አሁን ገብቷታል።

እሱም ገብቶታል። ግን መመለሻ የለም።

ከመኪናዋ አፍንጫ ወዲያ ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው። ሽማግሌው ደግሞ መንገዱን ዞር ብለው አያዩም፤ በመስኮቱ ቁልቁል ገደሉን ነው የሚያዩት። ሲናገሩ ግን ዝንፍ አይሉም።

«ይቺ የድንቹ መኪና ኩርባ ናት። ክላክስ አድርግ። መልስ ከሌለ ተራራውን ታክከህ ግባ። ባለድንቹ ወደ ውጭ ነበር የያዘው።»

ክላክስ አደረገ። መልስ አልነበረም። ታክኮ ገባ።

«ይቺ የነጩ ሚኒባስ ናት። እሱ ነዳጅ ልቆጥብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በፎሌ ለቋት ነበር። አንተ በአንደኛ ማርሽ ግባ።»

«በፎሌ መልቀቁን በምን አወቁ፣ ጋሼ?»

«ማርሹን አይቼዋለሁ።»

አብረው ተሳፍረው ነበር ማለት ነው ብሎ አሰበ። ሚስቱ ግን ነገሩ ከንክኗት ተሳፋሪዎቹ ምን እንደሆኑ ጠየቀች።

«ሁሉንም አወጣኋቸው» አሉ ባለገመዱ። «አንድም አልቀረብኝ።»

ስላማቻቸው አፈረችና መረቀቻቸው።

ከግማሽ በታች መንገዱ ጭቃ ሆነ። መኪናዋ ሸርተት አለች፤ ፈታኙ ደንግጦ ፍሬኑን እስከ ታች ረገጠው። ይኸኔ የኋላዋ ወደ ገደሉ ዞረ። ሚስቱ ልጇ ላይ ተደፋችባት።

«እግርህን አንሳ» አሉ ሽማግሌው፣ ድምፃቸው ሳይለወጥ። «እዚህ የሚቀሩት የረገጡት ናቸው።»

አነሳ። ማርሹ ያዛት፤ መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ መንገዱ መለሰች።

ያኔ ነው የልጅቷ ማቃሰት የቆመው። ፈታኙ ዞሮ እንዳያይ ገደሉ ይዞታል፤ እናትየዋ እንዳትነካት ፈርታለች። ባለገመዱ ከኪሳቸው ጠርሙስ አልኮል አፍስሰው መዳፋቸውን አሹ፤ ክንዳቸውን ወደ ኋላ ሰደዱና፣ ቦታውን ሳይፈልጉ፣ ሁለት ጣታቸውን የልጅቷ አንገት ላይ አሳረፉ።

«አለች» አሉ። «በል፣ ቀጥል። ሰባት ኩርባ ቀርቶሃል።»

ሰባቱንም ቆጠሩለት። የሆስፒታሉ በር ላይ ሲቆም አስር ሰዓት ተኩል ነበር፤ ጣቶቹ ከመሪው አልላቀቅ አሉት።

ዘበኛው ባለገመዱን በመስኮቱ ሲያይ ኮፍያውን አወለቀ። ማን እንደታመመ አልጠየቀም፤ ቁልፉን ይዞ በቀጥታ ወደ ሬሳ ክፍሉ በር አመራ።

«ስንት ናቸው ዛሬ፣ አባባ?»

«ተመለስ፣ ተመለስ» አሉ ባለገመዱ። «ዛሬ በፊተኛው በር ነው። ይቺ ትተነፍሳለች።»

በሩ ተከፈተ፤ ልጅቷን በተሽከርካሪ አልጋ ይዘዋት ሮጡ፣ እናቷም ተከተለች። ዘበኛው ከኪሱ አንዲት መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ማክሰኞ ከገደሉ ያወጡት ሹፌር መሆኗን፣ ፀሐይ ላይ ደርቃ ወሳጅ ማጣቷን ነገራቸው። ባለገመዱ ተቀብለው ለፈታኙ አቀበሉት። ፎቶው ታጥቦ ጠፍቷል። ፊርማዋ ግን ከነጅራቷ አለች።

አደራ፣ ይህን ለማንም አትንገሩ። የእኔም መንጃ ፈቃድ ፊርማዋ አረንጓዴ ናት።