የኢኖኬ ሸሚዝ

ቫሲቲ በፊጂ ዋና ከተማ በሱቫ በሚገኝ አንድ ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ተማሪዎችን ከአበባና ከቅጠል ዘይት ማውጣት ታስተምራለች። በሥራዋ ቀልድ አታውቅም። «አፍንጫችሁን ብልቃጥ ውስጥ አትክተቱ! ሽታውን በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ አራግቡት» ትላለች። ተማሪዎቹ ደግሞ ኮሪደሩ ላይ እሷን እየመሰሉ አየሩን ያራግባሉ።

ባሏ ኢኖኬ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። የቀራት አንድ ሸሚዙ ነው። ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የሰንደል እንጨት የተነከረበት የኮኮናት ዘይት ይቀባ ነበርና፣ ሸሚዙን ሳታጥበው በላስቲክ ጠቅልላ ቢሮዋ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣዋለች። አርብ አርብ በሩን ዘግታ ፊቷን ትቀብርበታለች። አንድ ትንፋሽ ብቻ፤ እንዳያልቅባት ትሰስታለች።

ክፉ ጉንፋን ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ጥሏት ወደ ሥራ በተመለሰችበት አርብ ሸሚዙን አወጣችው። ምንም ጠረን የለውም። ኮሌታውን ሞከረች፣ ብብቱን ሞከረች። ባዶ ጨርቅ ነው። ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

ማን እንዳጠበው ለማወቅ ብዙ አላሰበችም። እሷ ስትታመም የቢሮዋን ቁልፍ የያዘችው ከተማሪዎቹ ሁሉ ጎበዟ ኡናይሲ ነበረች። የቤተ ሙከራውን ጋውኖች ወስዶ የማጠብ ተራም የእሷ ነበር።

«ከቢሮዬ ምን ወሰድሽ?»

«ጋውኖቹን ነዋ ማዳም፤ በሩ ላይ የተሰቀሉትን።»

«መሳቢያውንስ?»

«ኧረ እኔ መሳቢያ አልነካሁም!»

ቫሲቲ አላመነቻትም። ባሏን ለሁለተኛ ጊዜ የቀበረች ያህል ሆነባት። ምግብ ሁሉ ገለባ ገለባ ይላት ጀመር። አንድ ቀን እህቷ የተበላሸ ዓሣ ስትበላ አግኝታት ሳህኑን ከእጇ ነጠቀቻት። ሌላ ቀን ደግሞ ማሞቂያው ላይ ያለው አበባ አርሮ ከሰል ሲሆን እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ደብተር ታርማለች። የቤተ ሙከራው ረዳት ፔኒ ከኮሪደሩ ጫፍ እየሮጠ መጥቶ አጠፋው።

«ማዳም፣ ምሳ እየጠበሱልን ነው እንዴ?» አላት።

«ኢሳ፣ ምስኪን! ሐዘን ነው እንዲህ የሚያደርጋት» ተባባሉ ተማሪዎቹ ከኋላዋ።

በሚቀጥለው አርብ ኡናይሲ ከአያቷ ጓሮ የለቀመችውን፣ ሽታው ከሩቅ የሚያውደውን የማኮሶይ አበባ ሦስት ሰዓት ሙሉ በእንፋሎት አጣራች። ጠብታ በጠብታ ያጠራቀመችውን ቢጫ ዘይት በሁለት እጇ ይዛ አቀረበች። ቫሲቲ እንደ ደንቡ አራገበችው።

«ይሄን ከየትኛው ሱቅ ገዛሽው? የምግብ ዘይት ነው። ዜሮ!»

ተማሪዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ኡናይሲ እንባዋን ዋጥ አድርጋ ቢሮዋ ድረስ ተከተለቻት።

«ማዳም፣ ምን በደልኩዎት?»

ቫሲቲ መሳቢያውን ሳበች። ላስቲኩን ፈትታ ሸሚዙን ልጅቷ እግር ስር ወረወረችው።

«ባሌን አጠብሽብኝ! ከሰውየው የቀረኝ ጠረኑ ነበር፤ እሱንም በሳሙና አጠብሽብኝ!» ብላ እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ኡናይሲ ጎንበስ ብላ ሸሚዙን አነሳች። እንደ ተማረችው በእጇ ልታራግበው አለችና ተወችው። ቀና ብላ መምህሯን አየቻት።

«ማዳም... ሰንደሉ'ኮ ገና ላስቲኩን ሲፈቱት ነው የሸተተኝ።»