ምሳሌ ለ«ቴዴት»

አይናዲስ ፒያሳ ወዳለው ኬክ ቤት የገባችው ባሏን መርሻን ልትሰናበተው ነበር። ጡረተኛው መምህር ግን ወደ አማርኛ የሚመልሰውን የላቲን መዝገበ ቃላት ዘርግቶ ጠበቃት።

«ቴዴት የሚል ቃል አስቸገረኝ» አላት፣ ገና ሳትቀመጥ። «ድካም ነው፤ ግን የጉልበት አይደለም፣ የልብ ነው። በአማርኛ ምን ልበለው?»

«ሰለቸኸኝ» አለችው።

ፊቱ በራ። «አገኘሽው! በላቲንም ሰውየው አድራጊ አይደለም፤ መሰልቸቱ ነው መጥቶ የሚይዘው። በይ ምሳሌ ስጪኝ።»

«ሠላሳ ዓመት አብሬህ ስኖር አንድ ቀን እንዴት ነሽ አላልከኝም። ሰለቸኸኝ፤ እህቴ ቤት መግባቴ ነው።»

እየተጣደፈ ጻፈ። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች። በሩ ጋ ስትደርስ «አይኑ!» ብሎ ተጣራ። ፈጥና ዞረች።

«ሠላሳን በፊደል ልጻፈው በአኃዝ?»